ኮምጣጤ፣ ማርና ነጭ ሽንኩርት በጉንፋን ወራት

ጠጅ ከሰነበተ ይኮመጥጣል። ጠጅ ጣይዋ ቀምሳ ፊቷን ታጨፈግግና «ተበላሸብኝ» ትላለች። አንዳንዷም አውጥታ ትደፋዋለች። ነገር ግን ያ ጠጅ ሌላ ነገር ሆነ እንጂ አልተበላሸም። ኮምጣጤ ሆነ። በከተማ ሱቅ «አቼቶ» እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠው የዚሁ ወገን ነው።

ታዲያ ይህ ኮምጣጤ ምን ያደርግልናል? ከማር፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ሲዋሐድ ጉሮሮ ለሚከረክረው፣ አፍንጫው ለተደፈነ፣ ሳል ለያዘው ሰው ደኅና መጠጥ ይሆናል። የጥቅምት ውርጭ ሳይመጣ አስቀድመን ማዘጋጀት እንችላለን። ወጪው ትንሽ ነው። አብዛኛው ነገር በቤታችንና በጓሯችን አለ።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ግን ስለ ጉንፋን ራሱ ጥቂት እንበል።

ብዙዎቻችን «ብርድ መታኝ፣ ጉንፋን ያዘኝ» እንላለን። ውርጩ ብቻውን ጉንፋን አይወልድም። ጉንፋንን የሚያመጡት ቫይረስ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነገሮች ናቸው። የታመመው ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ንፍጡን በእጁ ጠርጎ ሰው ሲጨብጥ ወደ ሌላው ይተላለፋሉ። በብርድ ጊዜ ደግሞ ምን እናደርጋለን? በሩን ዘግተን፣ እሳት ከበን፣ ሁላችንም አንድ ጎጆ ውስጥ እንተኛለን። አንዱ ከያዘው ቤተ ሰቡን ሁሉ የሚያዳርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ነገር ቀላል ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ከጉንፋን የሚከፋው ወገን ኢንፍሉዌንዛ ይባላል። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው ወረርሽኝ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በዓለም ሁሉ የተስፋፋ በሽታ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው የዳኑት በዚያ ጊዜ ነው። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድም ከዚያ ክፉ ዘመን ጋር ይያያዛል።

እንግዲህ ወደ ኮምጣጤው እንመለስ።

የተረፈና የኮመጠጠ ጠጅ ያለው ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ነው። የሌለው ከብርዝ ይጀምር። በአንድ ጣሳ ማር ላይ፣ በዚያው ጣሳ የተለካ ስምንት ጣሳ ውሃ ጨምሩ። ውሃው አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ትኩስ ውሃ በማሩ ላይ አታፍስሱ፤ ብርዙን ወደ ጠጅ የሚለውጡት ረቂቅ እርሾዎች በትኩሳት ይሞታሉና። ቶሎ እንዲነሣ ከፈለጋችሁ ጥቂት አምቡላ ጣል አድርጉበት። ጌሾ ግን አያስፈልገውም። ጌሾ ጠጅን ከመኮምጠጥ የሚጠብቅ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንሻው እንዲኮመጥጥ ነው።

ዕቃውስ? የሸክላ ማድጋ ወይም ሰፊ አፍ ያለው የጠርሙስ ዕቃ ጥሩ ነው። ብረት፣ መዳብና አሉሚኒየም አይሆኑም፤ ኮምጣጤው ብረቱን ይበላዋል፣ የተበላው ብረትም ወደ መጠጡ ይገባል። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ወይም ጠርሙስማ አሥር ጊዜ ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም። በዚህ ሰው ሞቷል። ልጆች እንዳያነሡት ቀዳችሁ ቅበሩት እንጂ ለውሃ መቅጃ እንኳ አታድርጉት።

ጠጅ የሚጥሉ ሴቶች አፉን አጥብቀው መዝጋት ለምደዋል። ልክ ናቸው፤ ነፋስ ከገባው ይኮመጥጣል። ለኮምጣጤ ሲሆን ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ነፋስ ይፈልጋል። አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ጥቃቅን ተሕዋስያን ያለ አየር አይሠሩም። ስለዚህ የማድጋውን አፍ በንጹሕ የነጠላ ቁራጭ ሸፍኑና በገመድ እሰሩት። አየር ይገባል፣ ዝንብና ትንኝ አይገቡም። ፀሐይ በማያገኘው፣ ለእሳት በማይርቅ ሞቅ ያለ ስፍራ አስቀምጡት።

በመጀመሪያው ሳምንት ይንተከተካል፣ የጠጅ ሽታ ይሸታል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ሲሆነው ጸጥ ይላል። አጥልሉና አምቡላውን አውጡለት። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ተዉት። ቆላ ከሆናችሁ ፈጥኖ ይደርሳል፤ በደጋ ይዘገያልና አትቸኩሉ። ከላይ እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ቀጭን ነገር ቢያበቅል አትደንግጡ። የኮምጣጤው እናት ማለት እሱ ነው፤ አትጣሉት፤ ለሚቀጥለው እርሾ ይሆናችኋል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጠጉራም ሻጋታ ቢያበቅል ግን ሁሉንም ድፉት። ማሩ አሳዝኖ ሻጋታውን ገፎ መጠጣት አይሆንም።

የደረሰ ኮምጣጤ ሽታው አፍንጫን ይወጋል፤ ሲቀምሱት ጥርስ ያጠርሳል። የጠጅ ሽታው የለም።

አሁን መድኃኒቱን እናዋሕድ። ለአንድ ሊትር ኮምጣጤ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት ልጣችሁ ውቀጡ። አውራ ጣት የሚያህል ሁለት ዝንጅብል አጥባችሁ ውቀጡ። አንድ ቀይ ሽንኩርት ክተፉ። ሁለት ቃሪያ ብትጨምሩ ደረትና አፍንጫ ይከፍታል። ጦስኝ የሚገኝበት አገር ያላችሁ አንድ እፍኝ ጨምሩ፤ የደጋ ሰዎች እንደ ሻይ አፍልተው የሚጠጡት ስለሆነ ታውቁታላችሁ። ሁሉንም በጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ ኮምጣጤውን አፍስሱበት፤ አትክልቱ ከላይ እንዳይንሳፈፍ ኮምጣጤው ይዋጠው። በእንጨት ውታፍ ዝጉትና ሦስት ሳምንት አቆዩት። በየቀኑ አንድ ጊዜ ነቅነቅ አድርጉት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉና ግማሽ ሊትር ማር ጨምራችሁ በደንብ በጥብጡት። አለቀ።

አሁን ደግሞ እርሳስና ወረቀት አንሡ። በጠርሙሱ ላይ እንዲህ ብላችሁ ጽፋችሁ ለጥፉ፦ «የጉንፋን ኮምጣጤ። የተዘጋጀው ጥቅምት 5 ቀን። ለሕፃን አይሰጥም።» ቀኑን እናንተ የራሳችሁን ጻፉ። ነጭ ጋዝም፣ የዘር መድኃኒትም፣ ዘይትም አንድ ዓይነት ጠርሙስ ውስጥ በሚቀመጡበት ቤት፣ ያልተጻፈበት ጠርሙስ በጨለማ ሰው ያሳስታል። ፊደል የቆጠርንበት አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል።

አወሳሰዱ ቀላል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ፣ ጠዋትና ማታ መጠጣት። ሳይበጠብጡ ንጹሑን መጎንጨት ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ጥርስም ይጎዳል። ከጠጡ በኋላ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ደግ ነው። ጨጓራ ያለበት ሰው ባይጠጣው ይሻለዋል። አንዳንዶች ጤና አዳም ይጨምሩበታል። ለሽታው መልካም ነው፤ ነገር ግን ጤና አዳም ሲበዛ ጽንስ ያስወርዳልና ነፍሰ ጡር ካለችበት ቤት አይግባ።

ጠጅ የነካውን ነገር የማይወስዱ ሰዎች ምን ያድርጉ? ኮምጣጤውን ትተው የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ የተወቀጠ ዝንጅብልና አንድ ማንኪያ ማር በሙቅ ውሃ ይጠጡ። እውነቱን ለመናገር ሎሚው ከኮምጣጤው አያንስም፤ ኮምጣጤው የሚበልጠው ብዙ ወር መቆየቱ ነው።

ማር ሳል ያስታግሣል፤ ይህን ሐኪሞችም ይመሰክራሉ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በጭራሽ አይሰጥም፤ በእንጥልጥል ጣት እንኳ አይቅመስ። በማር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የሚገኝ ጀርም በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ መርዝ ያወጣል፤ ሰውነቱን ያዝለዋል፤ ሊገድለውም ይችላል። ዓመት ላልሞላው የጉንፋን መድኃኒቱ የእናቱ ጡት ነው። ቶሎ ቶሎ ይጥባ።

እዚህ ላይ ስለ መጠጡ ኃይል እውነቱን መነጋገር አለብን። ይህ መጠጥ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ አፍንጫ ይከፍታል፣ ሰውየው ብዙ ፈሳሽ እንዲጠጣ ያደርጋል። ቫይረሱን ግን አይገድልም። ጉንፋን በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን በራሱ ጊዜ ይለቃል። ከሱቅ የሚገዛ ባለ ሁለት ቀለም እንክብልም ጉንፋንን አያድንም። እሱ የሚገድለው ባክቴሪያን ነው። ለጉንፋን የዋጠው ሰው ገንዘቡን ከመክሰሩም በላይ፣ ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን እየለመዱት በሚያስፈልግበት ቀን እንዳይሠራ ያደርጋል። አንዱን እንክብል ከፍሎ ግማሹን ለልጅ መስጠትማ ከሁሉ የከፋ ነው።

ከዚህ የባሰ ልማድም አለ። ልጅ ሲያስል «እንጥሉ ወረደ» ተብሎ ይቆረጣል። እንጥል ወርዶ አያውቅም፤ ሲያብጥ የወረደ ይመስላል እንጂ። በቢላ ወይም በክር የተቆረጠ ልጅ ደሙ መቆም አቅቶት፣ ወይም ቁስሉ መርዞ፣ ወይም መንጋጋ ቆልፍ ይዞት ይሞታል። ሳሉ ግን እንጥሉ ተቆረጠም አልተቆረጠም እዚያው ነው። እናቶችን መውቀስ አንፈልግም። የሚያደርጉት ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው። ግን ይቅር።

እንግዲህ ዋናው ጭንቅ ይህ ነው፦ የትኛው ሳል የጉንፋን ነው? የትኛውስ የሳምባ ምች ነው? የሳምባ ምች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉት በሽታዎች ዋነኛው ነው። እሱ ደግሞ ኮምጣጤም ሎሚም አይገባውም። በመድኃኒት ይድናል፤ ግን በጊዜ መድረስ ያስፈልጋል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን «እስቲ ዳማ ከሴ ጨምቀን እንየው» እየተባለ ሲጠበቅ ነው ልጁ የሚያልፈው።

መለያውን ማንኛውም ቁጥር የሚያውቅ ሰው ሊያደርገው ይችላል። ልጁ ሳያለቅስ፣ ሳይጠባ፣ ጸጥ ብሎ ሳለ ልብሱን ከሆዱ ላይ ግለጡ። ሰዓት ወይም የእጅ ስልክ ያዙ። ሆዱ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ በመሐል አታቋርጡ።

ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን በአንድ ደቂቃ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ አደጋ ነው። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው ልኩ 50 ነው። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለው ደግሞ 40 ነው። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በግድግዳ ላይ ጻፉአቸው፤ 60፣ 50፣ 40። ልጁ ልኩን ደርሶ ወይም አልፎ ከተነፈሰ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቁጥሩ ልክ ቢሆንም እንኳ፣ ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ሁሉንም ካስታወከው፣ ካንቀጠቀጠውና ራሱን ከሳተ፣ ወይም ካንቀላፋ አልነቃ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን መንገድ ግቡ።

በገጠር ቀበሌዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። እነሱም ይህንኑ ቁጥር ነው የሚቆጥሩት። የሳምባ ምችን ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዱን የሚከላከል ክትባትም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ይሰጣል። ሕፃኑ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንቱ ይከተባል፤ የክትባቱን ካርድ አትጣሉ። በቤት ውስጥ የሚነደው ኩበትና እርጥብ እንጨት ጭሱ የልጁን ሳምባ ያደክማል። ማድቤቱን ለብቻ መሥራት የሚችል ይሥራ፤ የማይችል ጭስ ማውጫ ይክፈት፣ ልጁንም ከምድጃው ያርቅ።

ስለ ትላልቅ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው ሰውየው አክታውን ያስመርምር። ቲቢ ሊሆን ይችላል። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይሰጣል።

እንወያይ

ጠጅ ጣይዋ የማድጋውን አፍ የምታጠብቀው፣ ኮምጣጤ የሚሠራው ግን በስስ ጨርቅ የሚሸፍነው ለምንድነው?

በሰፈራችሁ ልጅ ሲያስል በመጀመሪያ ምን ይደረጋል? ከዚያ ውስጥ የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይቀጥል ትላላችሁ?

አንዲት እናት የስምንት ወር ልጇን ትንፋሽ ቆጥራ በደቂቃ 54 አገኘች። ሌላዋ የሦስት ዓመት ልጇን ቆጥራ 36 አገኘች። የትኛዋ ወደ ጤና ኬላ ትሂድ? የትኛዋስ ማርና ሎሚ ሰጥታ ትጠብቅ? ጠባቂዋ ነገም ከነገ ወዲያም እንደገና መቁጠር ያለባት ለምን ይመስላችኋል?