በአነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ የራምንና የግራፊክስን ፍጥነት ስለ መጨመር

ኮምፒዩተር ዛሬ ለተማሪ እንደ ደብተርና እንደ እስክሪብቶ የሚያስፈልግ መሣሪያ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠቱ ይታወሳል። ይሁን እንጂ ተማሪ ከትምህርቱ ሌላ ጨዋታም ይወዳል፤ ጨዋታው ሲንቀራፈፍበትም «ኦቨርክሎክ አድርገው» የሚል ምክር ከጓደኞቹ ይሰማል። ወላጅ በበኩሉ ይህን ቃል ሲሰማ ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ሊቃጠል ነው ብሎ ይሰጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነገሩ ምን እንደ ሆነ፥ መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚጎዳ፥ ከሁሉም አስቀድሞ ምን መደረግ እንዳለበት ለጓደኞቼም ለወላጆቻችንም በአጭሩ መግለጽ ነው።

የኮምፒዩተር ክፍሎች የሚሠሩት በምት ነው። አንድ ሜጋኸርዝ ማለት በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ምት ማለት ነው። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ክፍል «በዚህ ምት ቢሠራ አይሳሳትም» ብሎ የወሰነለት ልክ አለ። ከዚያ ልክ አሳልፎ ማሠራት ኦቨርክሎክ ይባላል። ፋብሪካው ልኩን ሲወስን ጥቂት ትርፍ ስለሚተው ብዙ ዕቃ ከተጻፈለት በላይ መሥራት ይችላል፤ ነገር ግን ትርፉ ስንት እንደ ሆነ በዕቃው ላይ አልተጻፈም፥ ከአንዱም ዕቃ ወደ ሌላው ይለያያል። ስለዚህ ሊታወቅ የሚችለው በመሞከርና በመለካት ብቻ ነው።

ውድ የሆነው የጨዋታ ኮምፒዩተር ሥዕሉን የሚሠራለት ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ አለው፤ ካርዱም የራሱን ማስታወሻ ይዞ ይመጣል። ርካሹ ኮምፒዩተር ግን ይህ የለውም። ግራፊክሱ የሚገኘው እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፤ የራሱ ማስታወሻ ስለሌለውም ከኮምፒዩተሩ ራም ይበደራል። ለምሳሌ ያህል በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ራይዘን 3 3200ጂ የተባለው ፕሮሰሰር በውስጡ ቬጋ 8 የሚባል ግራፊክስ አለው፤ እርሱም 512 ትናንሽ አስሊዎች ሲኖሩት ምቱ 1,250 ሜጋኸርዝ ነው። ስምንት ጊጋባይት ራም ካለን ሁለቱን ለግራፊክሱ ብንሰጥ ለቀረው ሥራ ስድስት ብቻ ይተርፋል ማለት ነው።

ይህን ነገር ለአሊዩ አምባ ልጅ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ19ኛው መቶ ዓመት አሊዩ አምባ ከሸዋ ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ ከታጁራ ወደብ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴም በረሓውን አቋርጦ ይመጣባት ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ የመጣው በዚሁ በታጁራ መንገድ ነው። እንግዲህ በገበያው የተቀመጠው ነጋዴ እጁ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ግመሎቹ ጨውን ይዘው ካልደረሱ የሚሸጠው ነገር የለውም። ግራፊክሱ ነጋዴው ነው፤ ራሙ ደግሞ ሲራራው ነው። መንገዱ እንደ ጠበበ ሳለ ነጋዴውን ማፍጠን ፈጥኖ ሥራ እንዲፈታ ከማድረግ አይበልጥም።

አሁን በቁጥር እንመልከተው። አንድ የራም እንጨት በአንድ ጊዜ 8 ባይት ያሳልፋል። ዲዲአር4 2400 የተባለው ራም በሰከንድ 2,400 ሚሊዮን ጊዜ ስለሚያሳልፍ 2,400 ሚሊዮን በ8 ሲባዛ በሰከንድ 19.2 ጊጋባይት ይሆናል። 3200 የተባለው በዚያው ስሌት 25.6 ጊጋባይት ነው። ሁለት እንጨት በየተገቢው ቦታቸው ቢሰኩ መንገዱ ሁለት ስለሚሆን 2400ው 38.4፥ 3200ው ደግሞ 51.2 ጊጋባይት ይሆናሉ። ለማነጻጸር ያህል በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኤክስ 1650 የተባለው አነስተኛ ግራፊክስ ካርድ መጀመሪያ ሲወጣ የራሱ ማስታወሻ በሰከንድ 128 ጊጋባይት ያሳልፍ ነበር። የኛ ኮምፒዩተር የሚቸገረው የት ላይ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

ከዚህ ስሌት አንድ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። አንዱን እንጨት እስከ 3200 ያፈጠነ ሰው 25.6 ሲያገኝ፥ ምንም ሳያፈጥን ሁለት ባለ 2400 እንጨት የሰካ ሰው 38.4 ያገኛል። ስለዚህ ምት ከመጨመር መንገድ ማስፋት ይቀድማል። ሥራውም በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢሆን መልካም ነው።

1ኛ፤ ሁለት እንጨት መሰካት። አሥራ ስድስት ጊጋባይት ለመግዛት ያሰበ ሰው ባለ 16 አንድ እንጨት ከሚገዛ ባለ 8 ሁለት እንጨት ቢገዛ ይሻለዋል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቢሆኑ ይመረጣል። ዲዲአር3 በዲዲአር4 ቦታ አይገባም፤ የላፕቶፕ ራምም በጠረጴዛ ኮምፒዩተር አይሰካም። አራት ቦታ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለቱ እንጨቶች የትኞቹ ላይ እንደሚገቡ መመሪያው ይናገራል፤ በዘፈቀደ ጎን ለጎን የሰካ ሰው ሁለት እንጨት ገዝቶ በአንድ መንገድ ብቻ ሊሄድ ይችላል።

2ኛ፤ ለራሙ የተጻፈለትን ፍጥነት መስጠት። ብዙ ሰው 3200 የሚል ጽሑፍ ያለበት ራም ገዝቶ ሳያውቀው በ2400 ወይም በ2666 ሲጠቀም ይኖራል፤ ከፍ ያለው ፍጥነት ባዮስ ውስጥ ካልታዘዘ ብዙ ጊዜ በራሱ አይመጣምና። ትእዛዙ ኤክስኤምፒ ይባላል። በዚህ ጊዜ የራሙ ቮልቴጅ አብዛኛውን ጊዜ ከተለመደው 1.2 ወደ 1.35 ቮልት ከፍ ይላል። ለ3200ጂ አምራቹ የፈቀደው እስከ 2933 ስለ ሆነ በ3200 ማስኬድ ራሱ ኦቨርክሎክ ነው።

ራም ሲገዛ ሌላም የሚታይ ቁጥር አለ፤ እርሱም ሲኤል የሚባለው ነው። ራሙ ከተጠየቀ በኋላ መልስ እስኪሰጥ የሚቆይበትን ምት ይነግረናል። ቁጥሩን በ2,000 አባዝተን ለፍጥነቱ ብናካፍል መዘግየቱን በናኖሰከንድ እናገኛለን። ባለ 3200 ሲኤል 16 ራም 10 ናኖሰከንድ ሲዘገይ ባለ 3200 ሲኤል 22 ግን 13.75 ይዘገያል። ስለዚህ ሁለት ራሞች ላያቸው ላይ እኩል 3200 ስለ ተጻፈ ብቻ እኩል ናቸው ማለት አይደለም።

3ኛ፤ የግራፊክሱን ምት መጨመር። ይህ የሚደረገው መንገዱ ከሰፋ በኋላ ነው። ማዘርቦርዱም መፍቀድ አለበት፤ ቢ450 የተባለው ሲፈቅድ ኤ320 የተባለው ለዚህ አልተሠራም። ምቱን ከ1,250 ወደ 1,300፥ ከዚያም ወደ 1,350 እያሉ በ50 በ50 ማሳደግ ያሻል። አባቶች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ ያንኑ የጨዋታ ቦታ ሦስት ጊዜ ተጫውቶ በሰከንድ ስንት ሥዕል እንደ ወጣ በደብተር መጻፍ ነው። ቁጥሩ ማደጉን ካቆመ ሲራራው አልደረሰም ማለት ስለ ሆነ ነጋዴውን ማስጨነቅ ይብቃ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር መለወጥ አይገባም፤ የትኛው እንደ ጠቀመና የትኛው እንደ ጎዳ አይታወቅምና።

4ኛ፤ መፈተን። ኮምፒዩተሩ ተነሥቷልና ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ከልኩ ያለፈ ራም አንዳንድ ጊዜ ሳይታወቅ ከአንድ ሚሊዮን ፊደል መካከል አንዱን ይለውጣል። በጨዋታ ላይ ይህ አንዲት የተበላሸች ነጥብ ብቻ ልትሆን ትችላለች። ነገር ግን ያው ኮምፒዩተር የፊዚክስ ማስታወሻችንን፥ የቤተሰብ ፎቶግራፍንና የታላቅ እኅትን የሥራ ማመልከቻ የያዘ ነው፤ የተበላሸው ፊደል ሲቀመጥ ጥፋቱ አብሮ ይቀመጣል። ስለዚህ አስፈላጊው ጽሑፍ አስቀድሞ በፍላሽ ይገልበጥ፤ ከዚያ በኋላ ሜምቴስት86 በተባለው መርሐ ግብር ራሙ ለብዙ ሰዓት ይፈተን። አንዲት ስሕተት ብቻ ብትወጣ «ምን አላት» ተብላ አትታለፍም፤ ፍጥነቱ አንድ ደረጃ ዝቅ ይበል። ኮምፒዩተሩ ጭራሽ አልነሣ ቢል ደግሞ ከመብራት ነቅሎ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት ብዙ ጊዜ ባዮሱን ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ግን ባዮስን በአዲስ መለወጥ ፈጽሞ አይገባም፤ መካከል ላይ ቢቋረጥ ማዘርቦርዱ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል።

5ኛ፤ ሙቀትን መጠበቅ። ይህ ለይፋት ሰው ዋና ነገር ነው። ማቀዝቀዣው የሚያደርገው ሙቀቱን ወደ ክፍሉ አየር ማስተላለፍ እንጂ ቅዝቃዜን መፍጠር አይደለም። ክፍሉ በ15 ዲግሪ ቢሞቅ ፕሮሰሰሩም ወደዚያው ያህል ይሞቃል። በአንኮበር ብርድ ተፈትኖ ያለፈ ኮምፒዩተር ሸዋ ሮቢት ወርዶ በግንቦት ቀትር ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ፈተናው በሞቃቱ ሰዓት ይደረግ። ለ3200ጂ አምራቹ የወሰነው የመጨረሻ ሙቀት 95 ዲግሪ ነው፤ ወደዚያ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፥ የጨመርነውም ምት ከንቱ ይሆናል። በማቀዝቀዣው ላይ የተከመረውን አቧራ መጥረግ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው። ቮልቴጅን እየጨመሩ ፍጥነት መፈለግ ግን ሙቀትንም የዕቃውን እርጅናም ስለሚያፋጥን ለተማሪ ኪስ አይመከርም። በኦቨርክሎክ የመጣ ጉዳትም በዋስትና እንደማይሸፈን መታወቅ አለበት።

«የኔ ኮምፒዩተር ከቢሮ የወጣ አሮጌ ነው፤ ባዮሱም ይህን ሁሉ አይፈቅድም» የሚል ብዙ ሰው ይኖራል። እርሱም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ። ኮር አይ5 6500 ያለበት የቢሮ ኮምፒዩተር በዲዲአር4 2133 ሲሠራ በአንድ እንጨት 17 ጊጋባይት ያህል ያሳልፋል፤ በሁለት እንጨት ግን 34 ያህል ይሆናል። ከዚህም ሌላ የሥዕሉን ስፋት መቀነስ ይቻላል። 1920 በ1080 የሆነው ሥዕል 2,073,600 ነጥብ አለው፤ 1280 በ720 የሆነው ግን 921,600 ብቻ ነው። ይህም ሥራውን ከግማሽ በታች ያደርግለታል። አንድ ሳንቲም የማያስወጣ፥ ምንም አደጋ የሌለበት ፍጥነት ይሄ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፥ የዚህ ሁሉ ነገር ፍሬው አንድ ነው፤ ፍጥነት የሚገኘው ትልቅ ቁጥር በመጻፍ ሳይሆን የሚያዘገየውን ቦታ ፈልጎ በማግኘት ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። የሚለካ ተማሪ ግን በዚያችው ርካሽ ኮምፒዩተር ከጨዋታው አልፎ ማባዛትን፥ ማካፈልንና የሙቀትን ጠባይ በእጁ ይማርባታል። ወላጆቻችንም ልጃችሁ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ብታገኙት ገና «አበላሸኸው» ከማለታችሁ በፊት «የለካህበትን ደብተር አሳየኝ» በሉት። ደብተሩን ካሳየ ሥራ ላይ ነውና አበረታቱት፤ ደብተር ከሌለው ግን እስኪጽፍ ድረስ ክዳኑን ግጠም በሉት።