ለዕቃ የሚሆን ቅል አመራረጥ



ቅል ለወተት መናጫ፣ ለዘር ማስቀመጫና ለመጠጫ ያገለግላል። ሐረጉ ሙቀት ይፈልጋል፣ ውርጭ አይችልም። ስለዚህ እንደ መሐል ሜዳ ባለ ደጋ አይሆንም፤ የሚስማማው እንደ ጀማ ሸለቆ ያለ ቆላና ሞቃት ወይና ደጋ ነው። የቆላው አርሶ አደር ቅሉን ከማሳው፣ የደጋው ደግሞ ከገበያ ይመርጣል። ሁለቱም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አንድ ነው፦ በለጋነቱ የተቆረጠ ቅል ሲደርቅ ይጨማደዳል ወይም ይበሰብሳል። ቢደርቅም ገላው ስስ ስለሚሆን ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ወተቱም ዘሩም አብሮ ይባክናል።

ሀ. ከማሳ ሲመርጡ
1. ፍሬውን ከሐረጉ ጋር የሚያያይዘው አገዳ ቡናማ ሆኖ መድረቁን ይዩ። አረንጓዴ ከሆነ አይቁረጡ።
2. ልጡን በጥፍርዎ ይጫኑ። ጥፍር ከገባ ገና ለጋ ነው።
3. ሲቆርጡ ከአገዳው ሦስት ጣት ያህል ያስቀሩ። ከሥሩ ከተነቀለ ብስባሽ በዚያ ይገባል።
4. መሬት ላይ አይጣሉት፤ የተቀጠቀጠው ቦታ ይበሰብሳል።

ለ. ሲያደርቁ
ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ፣ ቅሎቹ እርስ በርስ ሳይነካኩ በቆጥ ላይ ይደርድሩ። ትንሹ በሳምንታት፣ ትልቁ በወራት ይደርቃል። ላዩ ላይ ሻጋታ ቢታይ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ከሰረጎደ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ግን በስብሷልና ከሌሎቹ ይለዩት።

ሐ. ከገበያ ሲገዙ
ያልተከፈተው ቅል ሲያነሱት ቀላል፣ ሲወዘውዙት ፍሬው የሚንሿሿ፣ ሲያንኳኩትም ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ይሁን። የተከፈተውን ውኃ ሞልተው በደረቅ ድንጋይ ላይ ያቁሙት፤ ድንጋዩ ከረጠበ ስንጥቅ አለው። ለመናጫ አንገቱ ለመያዝ የሚመች፣ ገላው ወፍራም የሆነውን ይምረጡ።

መ. ከመጠቀምዎ በፊት
አፉን በመጋዝ ወይም በተሳለ ቢላዋ ቆርጠው ውስጡን ይፋቁ። አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ከዚያ ምሬቱ እስኪለቅ ድረስ ውኃውን እየቀየሩ ይዘፍዝፉት። የወተት ዕቃ ከሆነ ካደረቁት በኋላ በወይራ ያጥኑት። ዘር የሚያስቀምጡበት ከሆነ ቅሉም ዘሩም በደንብ የደረቁ ይሁኑ፤ አፉንም አጥብቀው ይክደኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ መራራ ቅል አይበላም፤ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ ምግብ ሆኖ ቢሠራም መርዙ አይጠፋም።

የተግባር ሥራ
አንድ ለጋና አንድ የደረሰ ቅል ቆርጠው ጎን ለጎን ያድርቁ። ልዩነቱ ሲታይ የልማት ቡድንዎን አባላት ጠርተው ያሳዩ። ከደረሰውና ገላው ወፍራም ከሆነው ቅል ፍሬውን አውጥተው ለመጪው ክረምት ዘር ያስቀምጡ።