የጎረቤት ዛፍ ድንበር ሲሻገር
ለባሕር ዳር ዙሪያና ለጣና ዳር አርሶ አደሮች፣ እንዲሁም ለከተማ ጓሮ አልሚዎች የተዘጋጀ ምክር

ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ የአንዱ ግቢ ማንጎ የሌላውን ቆርቆሮ ተደግፎ ማየት ብርቅ አይደለም። ፍሬው ሲበስል ሌሊት ጣራው ላይ ይወድቃል፤ ቅጠሉ አሸንዳውን ይደፍናል፤ ክረምቱ ሲገባ ውሃው ወደ ግድግዳ ይመለሳል። ወደ ገጠሩ ወጣ ካላችሁ ደግሞ ጥሉ በአብዛኛው ከባሕር ዛፍ ጋር ነው። ድንበር ላይ የቆመው ባሕር ዛፍ ጥላውን በጎረቤት ጤፍና ዳጉሳ ላይ ይጥላል፣ ሥሩንም ከማሳው በታች ይልካል። ሁለቱም ጋ ነገሩ የሚበላሸው አንዱ ወገን ባለዛፉ በሌለበት መጥረቢያ ይዞ ሲወጣ ነው። ቅርንጫፉ በአንድ ቀን ይወርዳል፤ ቂሙ ግን ለልጆች ይተርፋል።

ሕጉ ከባለዛፉ ጋር ብቻ ነው ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለመሬት በይዞታው ሲጠቀም በጎረቤቱ ላይ ጉዳትና ሁከት እንዳያደርስ ይከለክለዋል፤ መጠኑም በአካባቢው ልማድና በመሬቱ አቀማመጥ ይታያል። ይዞታው የታወከበት ሰው «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ ይችላል፣ በአንቀጽ 1149። ይህ መንገድ የሁለት ዓመት ገደብ አለው፤ «ዘንድሮ ልታገሥ፣ ለከርሞ አያለሁ» እያሉ ዓመታትን ማሳለፍ መብትን ያስበላል። የቅርንጫፉ ባለቤት በጥፋቱ ጉዳት ካደረሰም በአንቀጽ 2028 ካሣ ይጠየቃል። በሌላ በኩል የሰው ዛፍ ሆን ብሎ መጉዳት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 689 የሚያስጠይቅ ነው። ተበዳይ ሆናችሁ ሳለ ተከሳሽ አትሁኑ።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ መነጋገር ነው፣ ግን በደንብ መነጋገር። «ጋሼ፣ ዛፍዎ ጎዳኝ» ብሎ አጥር ላይ ከመጮህ አንድ ቀን ቀጥሮ አብሮ ከዛፉ ሥር መቆም ይሻላል። የትኛው ቅርንጫፍ፣ እስከ የት፣ መቼ፣ በማን ወጪ፣ እንጨቱስ የማን ይሆናል፤ ይኼ ሁሉ እዚያው ይወሰን። ደረቅ ወይም የተሰነጠቀ ቅርንጫፍ ከቤት በላይ ካለ ማስጠንቀቂያውን ቀን ጽፋችሁ ሁለት ምስክር ባለበት ስጡ። ዋጋው የሚታየው በኋላ ነው፤ ቅርንጫፉ ቢወድቅ ባለዛፉ «አላወቅሁም» ሊል አይችልም። ካልተስማማችሁ ሽማግሌ ይግባ። የቀድሞው የገጠር መሬት ሕግ ራሱ፣ አዋጅ 456/1997፣ ክርክር አስቀድሞ በውይይትና በስምምነት፣ ካልሆነም በሽምግልና እንዲፈታ ያዝ ነበር። ከዚያ ወዲያ የቀበሌ መሬት አስተዳደር ኮሚቴ አለ፣ በስተመጨረሻም ፍርድ ቤት።

አሁን ወደ እርሻው። የተሻገረ ቅርንጫፍ ሁሉ በደል አይደለም። ጣና ዳር ባለው ዘጌ ላይ ቡናው ከዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚኖረው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ አበቀሉ፤ ማረስ የማይፈለግበት አገር ሆነ። እዚያ ከጎረቤት የመጣ ጥላ ስጦታ ሊሆን ይችላል። ጤፍ ላይ ያረፈ ጥላ ግን ሌላ ነው። የሚጎዳችሁን ለመለየት ጧት፣ ቀትርና ማታ ጥላው የት እንደሚደርስ በችካል ምልክት አድርጉና ከዚያ መስመር ውስጥና ውጭ ያለውን ሰብል አነጻጽሩ። ለሽማግሌም ይህ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ባሕር ዛፍ ከሆነ ቅርንጫፉን መቁረጥ ብቻውን አይፈውስም፤ ዋናው ሌባ ሥሩ ነው። በድንበሩ ላይ፣ በስምምነት፣ ጥልቅ ቦይ መቆፈር የተሻገረውን ሥር ይቆርጣል፤ ቦዩ በደለል እንዳይሞላ በየዓመቱ ይታደስ። ነገር ግን ከግንዱ በጣም ተጠግታችሁ በአንድ ወገን ሥሩን ከቆረጣችሁ ዛፉ በንፋስ ሊገነደስ ይችላል።

ጊዜው የበጋው ወራት ነው፣ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ። ማሳው ባዶ ስለሆነ የሚወድቀው እንጨት ገለባ ላይ እንጂ ጤፍ ላይ አይወድቅም። ማንጎ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ይመልመል። ዋንዛ አበባ ላይ ካለ ንቦቹን አስቡ፤ አበባው ይለፍ። ዋንዛን መልመል አንድ ነገር ነው፣ ከሥሩ መቁረጥ ግን ሌላ ነው፤ አገር በቀል ዛፍ ከመጣላችሁ በፊት የቀበሌውን ግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ደግሞም ቀኑን ስትመርጡ የሚካኤልን ወይም የማርያምን ቀን አትምረጡ፤ ባለዛፉ በበዓል መጋዝ ሲሰማ የተስማማበትን ይረሳል።

ወፍራም ቅርንጫፍ በአንድ ምት አይቆረጥም። በሦስት ቆረጣ ነው የሚወርደው። ከግንዱ ሁለት ስንዝር ያህል ወጣ ብላችሁ ከሥር ወደ ላይ የውፍረቱን ሢሶ ቁረጡ። ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ሄዳችሁ ከላይ ወደ ታች ቁረጡት፣ ቅርንጫፉ ይወድቃል፤ የመጀመሪያው ቆረጣ ልጡ ወደ ግንዱ እየተላጠ እንዳይወርድ ያግደዋል። የቀረውን ጉቶ ከግንዱ ጋር በተያያዘበት እብጥ ያለ አንገት ውጭ ላይ አስተካክላችሁ ጨርሱት። አንገቱ ራሱ ከተቆረጠ ቁስሉ አይድንም፣ ረጅም ጉቶ ከተዋችሁም ይበሰብሳል። በገጀራ መጨፍጨፍ ይህን ሁሉ ያበላሻል። በመጋዝ ሥሩ።

ከታች ሆናችሁ የምትደርሱበትን ብቻ ራሳችሁ ቁረጡ። መሰላል ላይ ቆሞ መጋዝ መግፋት ብዙ ሰው የጎዳ ሞኝነት ነው፤ ከባዱን በገመድ አስራችሁ ቀስ እያላችሁ አውርዱ፣ ከሥሩም ልጅና ከብት አይኑር። ዝናብ ወይም ነጎድጓድ ሲመጣ ከዛፉ ራቁ፤ የጣና ዳር ማዕበል ሳያስጠነቅቅ ነው የሚነሳው። ቅርንጫፉ የኤሌክትሪክ ገመድ ከነካ ግን ነገሩ የእናንተ አይደለም። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቱና መስመሩ ተቋርጦ ባለሙያው ይቁረጠው።

እንጨቱ የባለዛፉ ነው፣ ሌላ ካልተስማማችሁ በስተቀር። የተቆረጠው ቅጠል ለማዳበሪያ ጉድጓድ ይጠቅማል፣ የማንጎ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቅጠሉን በላይም በታችም እዩ። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ምሥራቅ ወለጋ ላይ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ቅጠል ላይ እንደ ዱቄት ብናኝ ሆኖ ይቀመጣል፣ ፍሬውም ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ይተዋል። እንዲህ ያለ ቅጠል ካገኛችሁ ወደ ራሳችሁ ማንጎ ሥር አትጎትቱት፤ እዚያው ከባለዛፉ ጋር ሆናችሁ አቃጥሉት።