እርጥብ ሣር የያዘ እጅ

የጋሞ መንደር ኦቾሎ፣ ዱቡሻው (የሕዝብ መሰብሰቢያው አደባባይ) አጠገብ ካለው ዓለት ላይ። ወጣቱ ለትምህርት ውጭ አገር ሊሄድ ነው፤ ሽማግሌውን ሊሰናበት መጥቷል።

ወጣት፦ አባባ፣ ሰው ሁሉ ቋንቋውን አጥና ይለኛል። ቃሉ ሲጠፋኝ በእጄ እያመለከትኩ የምግባባ ይመስለኛል።

ሽማግሌ፦ እጅማ ከአፍ ይብሳል፣ ልጄ። አፍህ ቢሳሳት እንግዳ ነው ብለው ያልፉሃል፤ እጅህ ቢሳሳት ግን ባለጌ ነው ይሉሃል። እስቲ ያንን ልጅ ከሩቅ ጥራው።

ወጣት፦ (መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ጣቶቹን ወደ ራሱ እየሰበሰበ) እንዲህ ነዋ።

ሽማግሌ፦ መዳፍህን ገልብጠህ በአንድ ጣት ብትጠራውስ?

ወጣት፦ ይቆጣኛል። ውሻ መሰልኩህ ወይ ይለኛል።

ሽማግሌ፦ ብዙ ፈረንጆች ዘንድ ሰው የሚጠራው እንዲያ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ አንድ እንግዳ አስተናጋጁን በዚያች ጣት ሲጠራ አይቻለሁ። የልጁ ፊት ጠቆረ። እንግዳው ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ሄደ፤ ልጁም ተሰድቤያለሁ ብሎ ዋለ።

ወጣት፦ አውራ ጣት ማንሳትስ? በስልክ ቀኑን ሙሉ የምንላላከው እሱን ነው።

ሽማግሌ፦ ኢራን ውስጥ በድሮው ልማድ ስድብ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥመው ቀለበት ሲሠሩ አሜሪካ «ደህና ነው» ማለት ነው፤ ጃፓን ገንዘብ፤ ብራዚል ግን አስነዋሪ ስድብ። ግሪክ ደግሞ አምስት ጣትህን ዘርግተህ መዳፍህን ወደ ሰው ፊት አታቅና።

ወጣት፦ ታዲያ እጅ በራሱ ምንም አይልም ማለት ነው?

ሽማግሌ፦ የሚያየው ሰው የሚያውቀውን ያህል ይላል። በ2008 ዓ.ም. ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ በማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። ለማያውቅ ሰው ደስታ ሊመስለው ይችላል። የኦሮሚያን ተቃውሞ ያየ ሰው ግን የታሰረ ሰው እጅ መሆኑን ወዲያው አወቀ።

ወጣት፦ የእኛ አባቶች ሣርስ? ያኔ ልጅ ነበርኩ።

ሽማግሌ፦ መስከረም 2011 ነበር። በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ሰዎች ተገደሉ፣ ተፈናቀሉ። ወሬው ሲደርስ የአርባ ምንጭ ወጣት በቁጣ ነዶ ለበቀል ወጣ። አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። አስበው፣ ልጅ ለአባቱ ይንበረከካል እንጂ አባት ለልጁ ሲንበረከክ! ወጣቱ ቆመ። ተመለሰም።

ወጣት፦ በእፍኝ ሣር?

ሽማግሌ፦ ሣሩማ ምን ጉልበት አለው? ልጆቹ ትርጉሙን ይዘው ስላደጉ ነው። ሣር ይዞ የለመነህን አባት ረግጦ ማለፍ ጎሜ፣ መዘዝ ያለው ነውር ነው፤ ጎሜ ደግሞ ባጠፋው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም፣ ለቤተሰቡ ይተርፋል። አዲስ አበባ ያ ሣር ለበዓልና ለቡና የሚጎዘጎዝ ነው። ኢሬቻ ላይ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ፈጣሪን ያመሰግኑበታል። ያን ቀን የመጣው ሌላ አገር ያደገ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ አዛውንት መሬት ላይ ወድቀዋል ብሎ ያልፋቸው ነበር።

ወጣት፦ እኔ ራሴ ዱቡሻ ላይ የተቀመጥኩት ጥቂት ጊዜ ነው፣ አባባ።

ሽማግሌ፦ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። የሰውን አገር ምልክት ባታውቅ ጠይቀህ ትማራለህ፤ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይተህ እጅህን ትሰበስባለህ። የራስህን የማታውቅ ከሆነ ግን፣ ነገ እኔ ሣር ይዤ ፊትህ ብንበረከክ በምን ትቆምልኛለህ?

(ወጣቱ ዝም ይላል። ሽማግሌው ከዓለቱ ሥር እፍኝ ሣር ነጭቶ ይዘረጋለታል። ወጣቱ በአንድ እጁ ስልኩን እንደያዘ ሌላውን ይሰዳል፤ ሽማግሌው ሣሩን ወደ ራሱ ይመልሰዋል።)

ሽማግሌ፦ ስልኩን ኪስህ ክተት። በሁለት እጅህ ተቀበለኝ።