ዕቃ ሊገዛ ቻይና የሄደ ነጋዴ ሁአንግሻንን ቢጎበኝ፦ ቀኑን የሳተ ሁለት ጊዜ ይከፍላል

ለዕቃ ግዢ ወደ ቻይና የሚመላለስ ነጋዴ ጓንዡንና ዪዉን እንደ መርካቶ ለይቶ ያውቃቸዋል። ከሱቅ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ሆቴል፣ ከዚያ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ነው። ይሁንና ትእዛዙ ተመርቶ እስኪያልቅ ወይም ኮንቴይነሩ እስኪሞላ ድረስ ሦስትና አራት ቀን በከንቱ መቀመጥ የተለመደ ነው። ሆቴሉ ደግሞ ሥራ ተሠራ አልተሠራ ያስከፍላል። በእነዚህ ቀናት ተራራና ፍልውሃ ያለበትን የሁአንግሻን ከተማ ማየት ይቻላል። ጉብኝቱም እንደ ማንኛውም ግዢ ስሌት ይፈልጋል። የዛሬው ትምህርታችንም ስለዚሁ ስሌት ነው።

ቦታው

ሁአንግሻን በምሥራቅ ቻይና በአንሁዪ ክፍለ ሀገር የሚገኝ ሲሆን፣ ከተማው ስሙን የወሰደው ከተራራው ነው። ከፍተኛው የሎተስ ጫፍ 1,864 ሜትር ነው። ይህ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ በመሆኑ አየሩ ለአዲስ አበባ ሰው አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው በድንጋይ የተጠረበው ደረጃ ነው። ከገደል ላይ የበቀለው ጥድና ከእግር በታች የሚተኛው ደመና ቦታውን ዝነኛ አድርገውታል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1990 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከተራራው ግርጌ የሚፈልቀው ፍልውሃ ሙቀቱ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው።

በአቅራቢያው ያሉት የሺዲና የሆንግሱን መንደሮች እ.ኤ.አ. በ2000 በቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። መንደሮቹን ያስጌጠው በጨውና በሻይ ንግድ የታወቁት የጥንት የሁዪዡ ነጋዴዎች ገንዘብ ነው። እነዚህ ሰዎች ርቀው ነግደው ትርፉን ወደ አገር ቤት እየላኩ ቤት፣ ትምህርት ቤትና የቤተዘመድ አዳራሽ ሠርተውበታል። ነጋዴ የሆነ ሰው ከተራራው ይልቅ በዚህ ቢመሰጥ አይገርምም።

ዋጋው ያለው ቀኑ ላይ ነው

የእረፍት ሰሞን በሁለት በኩል ያስከፍላል። አንደኛ፣ ፋብሪካውና ቢሮው ስለሚዘጋ የታዘዘው ዕቃ አይንቀሳቀስም። ሁለተኛ፣ ሥራ የፈታው ሕዝብ ሁሉ አገሩን ለማየት ስለሚነሳ ባቡሩ ይሞላል፣ የአልጋ ዋጋ ይሰቀላል፣ በተራራው ላይ ለተንጠልጣይ መኪና የሚደረገው ሰልፍም ሰዓታት ይፈጃል። በመሆኑም ሦስት ጊዜያትን መሸሽ ይበጃል።

1. የቻይና አዲስ ዓመት። በጥር አጋማሽና በየካቲት አጋማሽ መካከል የሚውል ሲሆን (በአውሮፓ አቆጣጠር ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ)፣ ሠራተኛው ወደ ትውልድ ቦታው ስለሚሄድ ፋብሪካዎች ለሳምንታት ይቀዘቅዛሉ።
2. የሜይ 1 የሠራተኞች ቀን እረፍት።
3. ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ያህል የሚቆየው ብሔራዊ በዓል።

ለጓንዡ የንግድ ትርዒት የሚሄድ ሰው ደግሞ በተለይ መጠንቀቅ ይኖርበታል። የበልጉ ትርዒት ከኤፕሪል 15 እስከ ሜይ መጀመሪያ የሚዘልቅ በመሆኑ የመጨረሻው ዙር ከሜይ 1 እረፍት ጋር ይገጥማል። የመኸሩ ግን ኦክቶበር 15 ስለሚጀምር በዓሉ አልፏል፤ ከትርዒቱ በኋላ ወደ ተራራው ማምራት የተሻለ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ዝናብ ስለሚበዛበት፣ ርካሽ ክፍል ቢገኝ እንኳ የሚታየው ጉም ብቻ ሊሆን ይችላል።

መንገዱና ወጪው

ከዪዉ የሚነሳ ሰው በባቡር ሃንግዡ ይደርስና ከዚያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 በተከፈተው የፈጣን ባቡር መስመር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሁአንግሻን ሰሜን ጣቢያ ይገባል። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ተራራው ግርጌ ወደ ታንግኮው መንደር መሄድ ነው። ከጓንዡ የሚነሳ ግን ርቀቱ ብዙ ስለሆነ ቢያንስ አራት ቀን ከሌለው ባይሞክረው ይሻላል። የባቡር ትኬት የሚሸጠው በፓስፖርት ሲሆን፣ ሽያጩ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ይከፈታል። የቪዛው ቀን የጉብኝቱን ቀናት ጭምር መሸፈኑን አስቀድሞ መቁጠር ያስፈልጋል።

የተራራው መግቢያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ230 ወደ 190 ዩዋን ዝቅ ተደርጓል፤ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ደግሞ 150 ተተምኗል። ዋጋ ሊለወጥ ስለሚችል በሄዱበት ሰሞን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። በዚህ ላይ የአውቶቡስና የተንጠልጣይ መኪና ክፍያ ለብቻው ይጨመራል።

አንድ ነጋዴ ቶሎ የሚገባው ነገር አለ። ከላይ ባሉት ሆቴሎች ሩዙና አትክልቱ በብዛት የሚደርሰው በተሸካሚ ትከሻ ነው። የማጓጓዣ ወጪ ዋጋን እንዴት እንደሚያንር በዓይን ይታያል። ስለዚህ ውሃና ስንቅ ከታች መያዝ፣ የፀሐይ መውጫን ለማየት ካልሆነ በቀርም ማደሪያን ከግርጌ ማድረግ ያዋጣል። በተንጠልጣይ መኪና ወጥቶ በእግር መውረድ ጉልበትንም ገንዘብንም ይቆጥባል። ፍልውሃው ከመውጣት በፊት ሳይሆን ከወረዱ በኋላ ይሁን፤ የደከመ ጉልበት ያን ጊዜ ነው የሚያመሰግነው።

ባለሀብት የሚማረው

ዴንግ ሺያኦፒንግ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979 በ74 ዓመታቸው ይህን ተራራ በእግራቸው ወጥተው፣ ለአካባቢው ባለሥልጣናት ቱሪዝምን የገቢ ምንጭ እንዲያደርጉት መመሪያ ሰጡ። ተራራውን የሚያስተዳድረው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ለውጭ ባለሀብቶች፣ በ1997 ደግሞ ለአገሬው ሰው አክሲዮኑን በሻንግሃይ ገበያ አቀረበ።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን ሌላ ነው። በጣም የሚፈለጉት ሁለቱ ጫፎች፣ ሎተስና ቲያንዱ፣ ተራ በተራ ለዓመታት እየተዘጉ እንዲያርፉ ይደረጋል። ደረጃው ይጠገናል፣ ሣሩና ጥዱ ያገግማል። ዋናውን ሸቀጥ ሆን ብሎ ከገበያ ማንሳት ለነጋዴ እንግዳ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የምትታለብን ላም ለሥጋ የሚያርዳት የለም። ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው የትኛው ጫፍ ክፍት እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሲመለስም የራሱ ዋና ሀብት መቼ እንዳረፈ ቢያስብ ወጪው በከንቱ አልፈሰሰም።