ትምህርት 12፦ ተሰነጠቀ፣ ተሰነጠቀብኝ፣ ሰነጠቅሁት

ሳይታሰብ ስለ ደረሰ ጉዳት የሚጻፍ ደብዳቤ

ሀ. መነሻ

በሐብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በሲሪንቃ መኸር ተሰብስቦ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ብዙ ሰው ቤቱን ያድሳል። ጭዱ ከአውድማ የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው፤ ጭቃውም የበልግ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ሊደርቅ ይገባዋል። አፈሩ በውሃ ይርሳል፤ የጤፍ ጭድ ይጨመርበታል፤ በእግር ይረገጣል፤ እንዲቦካም ለቀናት ይተዋል። ከዚያም እንደ ገና ተረግጦ በማገሩ ላይ ይመረጋል። ጭዱ ጭቃውን አያይዞ ስለሚይዘው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ያግዘዋል። ይህን ሁሉ እናቶቻችሁ ከዚህ መጽሐፍ ይልቅ አሳምረው ሊያስረዷችሁ ይችላሉ።

እንግዲህ እንዲህ እንበል። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሴት አያቱ ገበያ በሄዱበት ቀን፣ ሲመለሱ ሊያስደስታቸው አስቦ፣ ጠባቡን መስኮት ማስፋት ጀመረ። ሁለት ማገር በመጥረቢያ ቆረጠ። ሦስተኛውን ሲመታ ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣራው ሥር ተሰነጠቀ፤ ባለፈው ዓመት በጭቃው ላይ የተለሰነው ሲሚንቶም እንደ ቅርፊት ተላቅቆ ወደቀ። አያቱ ማታ ገብተው አዩና ዝም አሉ። ለሲሚንቶው ገንዘብ ልከው የነበሩት ደሴ የሚኖሩት አጎቱ ናቸው፤ አሁንም ለጥገናው የሚለመኑት እርሳቸው ናቸው። ደብዳቤውን የሚጽፈው ግን ተማሪው ራሱ ነው። ምን ብሎ ይጻፍ?

ለ. የግሡ ምርጫ

ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ቀርበውለታል።

ግድግዳው ተሰነጠቀ።
ግድግዳው ተሰነጠቀብኝ።
ግድግዳውን ሰነጠቅሁት።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግሡ ተደራጊ ነው። ባለቤቱ ግድግዳው ሲሆን አድራጊው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። ተደራጊ ግሥ ነውር የለበትም፤ አድራጊው በማይታወቅበት ወይም መታወቁ በማይጠቅምበት ቦታ ተገቢ ነው። እዚህ ግን አድራጊው ይታወቃል፤ ብዕሩን የያዘው እርሱ ነው። አጎቱ ይህን ሲያነቡ የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ሰነጠቀው?» የሚል ይሆናል።

ሁለተኛው ረቀቅ ይላል። በግሡ መጨረሻ የገባው «ብኝ» ነገሩ በተናጋሪው ላይ ጉዳት ሆኖ መድረሱን ይገልጻል። ተቃራኒው «ልኝ» ነው። ማሽላው ዝናብ የጠማው ገበሬ «ዘነበልኝ» ሲል፣ በዚያው ሰዓት እህሉን አውድማ ላይ ያሰጣው ጎረቤቱ «ዘነበብኝ» ይላል፤ ዝናቡ ግን አንድ ነው። («የቆረጥሁበት መጥረቢያ» በምንልበት ጊዜ ያለው «በት» መሣሪያን እንጂ ጉዳትን አያመለክትም፤ አታምታቱት።) ስለዚህ ተማሪው «ተሰነጠቀብኝ» ብሎ ቢጽፍ ራሱን ተጎጂ ማድረጉ ነው። ቤቱ ግን የማን ነው? የአያቱ ነው። ሰዋስዉን በትክክል ከተጠቀምንበት ግድግዳው የተሰነጠቀው በእርሳቸው ላይ ነው፤ «ተሰነጠቀባቸው» ማለት ይገባል። በዕለት ንግግራችን «ብርጭቆው ተሰበረብኝ» ማለት የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም ክፋት የለውም። የሌላውን ሰው ብርጭቆ ሰብሮ እንዲህ ማለት ግን ለባለ ብርጭቆው የሚገባውን ሐዘኔታ ለራስ መውሰድ ይሆናል።

ሦስተኛው አድራጊውን ይገልጻል። ሆኖም ሆን ተብሎ ይሁን በስሕተት አይለይም፤ ስለዚህ ብቻውን ሲቆም ከእውነቱ በላይ ይከብዳል። የጎደለውን የሚሞላለት «ሳ» የሚለው መነሻ ነው። ሳላስብ፣ ሳላውቅ፣ ሳላስተውል፣ ሳላስፈቅድ። እነዚህን ቃላት እንደ ተመሳሳይ አትቁጠሯቸው። «ሳላውቅ» የዕውቀትን ጉድለት፣ «ሳላስተውል» የጥንቃቄን ጉድለት፣ «ሳላስፈቅድ» ደግሞ የመታዘዝን ጉድለት ይናገራል። ሕግም ቢሆን «ሳላስብ» ያለውን ሁሉ ነጻ አያወጣም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥፋት ታስቦ ወይም በቸልተኝነት ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል።

ሐ. ምክንያቱን መግለጽ

አድራጊው ከተገለጸ በኋላ ምክንያቱ ይከተላል። ማገር ቋሚውን እንጨት እርስ በርሱ አያይዞ ጭቃውን ይሸከማል። መቃን ሳይተከል ማገሩ ከተቆረጠ በዚያ በኩል ጭቃውን የሚይዘው አይኖርም። የሲሚንቶው መውደቅ ግን ሌላም ምክንያት አለው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኰማተራል። ሲሚንቶ ግትር ስለ ሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ እርጥበቱንም ከበስተ ኋላው አፍኖ ይይዛል። እንዲህ ያለው ልስን ውሎ አድሮ ከግድግዳው ይላቀቃል።

ከዚሁ ከሰሜን ወሎ በጣም የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብ ለመጠበቅ ሲባል በተደረገ ጥገና ሬንጅነት ያለው ቀለም ተቀባ። ቀለሙ እርጥበቱን በድንጋዩ ውስጥ አፈነው፤ ለመጠበቅ የታሰበውን ድንጋይም ጎዳው። በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ዛሬ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የሚባለው ድርጅት ባካሄደው ሥራ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒና ባልደረቦቹ ያንን ቅብ ማንሣት ግድ ሆነባቸው። ከላይ «ቀለም ተቀባ» ብለን በተደራጊ ግሥ ከጻፍን በኋላ «ቀለሙ አፈነው፣ ጎዳው» ወደሚል አድራጊ ግሥ መሻገራችንን ልብ በሉ። የምንመረምረው የጉዳቱን ምክንያት ስለ ሆነ ምክንያቱን ባለቤት አደረግነው።

ተማሪው ስለ ሲሚንቶው መጻፍ ይገባዋል፤ እውነት ነውና፤ ለሚቀጥለው ልስንም ይጠቅማል። ነገር ግን ደብዳቤውን በሲሚንቶው ቢጀምር ገንዘቡን የላኩትን አጎቱን የሚወቅስ ይመስላል። ቅደም ተከተልም እንደ ግሡ ሁሉ ይናገራል።

መ. ደብዳቤው

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ባለፈው የገበያ ቀን አያቴን ሳላስፈቅድ መስኮቱን ላሰፋ ስሞክር ግድግዳቸውን እስከ ጣራው ሥር ሰነጠቅሁት። መቃን ሳልተክል ማገሩን ቆርጬ ነው፤ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። ልስኑም ረግፏል። መጥተው ያዩት ግንበኛ ሲሚንቶው አስቀድሞ ከጭቃው ለቅቆ እንደ ነበረ ነግረውናል፤ አሁን በጭቃና በጭድ ቢለሰን ይሻላል ብለዋል። ጭዱን ጎረቤት ሰጥተውናል፤ ጭቃውን እኔ እያቦካሁ ነው። የጎደለን ሦስት ማገርና የመቃን እንጨት ነው። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ቢልኩልን በዕረፍት ጊዜዬ ሠርቼ እመልሳለሁ። አያቴ እስካሁን አልተቆጡኝም፤ ይህ ከቁጣው በልጦ ከብዶኛል።

አክባሪዎ

መልመጃ

1. በደብዳቤው ግድግዳው «ሰነጠቅሁት» ሲባል ልስኑ ግን «ረግፏል» ተብሏል። ጸሐፊው «አረገፍሁት» ያላለው ለምን ይመስላችኋል? እውነቱን ሸሽጓልን?

2. «ሳላስፈቅድ» የሚለውን «ሳላውቅ» በሚለው ተክታችሁ ዓረፍተ ነገሩን እንደ ገና ጻፉ። አያቱ ቢያነቡት ይስማሙበታልን?

3. ከቤታችሁ ዕቃ አንዱን የጎዳችሁበትን ጊዜ አስታውሱ። ለዕቃው ባለቤት ደብዳቤ ጻፉ፤ ጉዳቱን የሚናገረው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ባለቤት «እኔ» ይሁን።