የትኛው ክረምት? ግጥም ለምትጽፍ ልጄ

ልጄ፣ የሰጠሽኝን ግጥሞች ደጋግሜ አነበብኳቸው። ተሰጥኦ አለሽ፤ ችኮላሽ ግን ይበልጣል። እዚህ ዴንቨር፣ ፓርክ ሂል ሰፈር ያደግሽ ልጅ በአማርኛ ለመግጠም መነሣትሽ ልቤን ደስ ስላሰኘው፣ በባዶ ሙገሳ ላሰናብትሽ አልፈልግም። የምመክርሽ ስለ ትልልቅ ቃላት አይደለም። ስልክ፣ ክረምት፣ ሻንጣ፣ ቁልፍ፤ ቤት ውስጥ በየቀኑ ስለምንጠራቸው ቃላት ነው።

1. የኖርሽበትን ቃል ጻፊ። በግጥሞችሽ ውስጥ ምንጭ፣ ጎጆ፣ ማሳና እረኛ በዝተዋል። ግጥም የሚያምረው በገጠር ቃል ነው ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከምንጭ ቀድተሽ አታውቂም፤ አንባቢም ይህን ቶሎ ይነቃበታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ። እናትሽ ከሌሊት ሥራዋ ስትመለስ በሩ ላይ የሚሰማው የቁልፍ ድምፅ ግን አለልሽ። አልጋሽ ውስጥ ሆነሽ ስንት ዓመት ስትጠብቂው ኖረሻል! «ቁልፍ» የሚለውን ቃል ከአንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። ሰው በቃል ላይ ርስት የሚኖረው ሲኖርበት ነው።

2. ክረምት ስትዪ የትኛው ክረምት እንደሆነ አሳዪ። አባትሽ «ክረምት» ሲል የሚያየው ሐምሌንና ነሐሴን ነው፦ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ ጭቃ፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ የበቆሎ እሸት፣ ከዚያ ቡሄ፣ ከዚያ እንቁጣጣሽ። አንቺ ስትዪው ጥር ነው፤ በረዶ ከደጃፍ በአካፋ የሚዛቅበት፣ አውቶቡስ ሲጠበቅ ጣት የሚደነዝዝበት። ሐምሌማ እዚህ ፀሐይ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ተራራው ላይ ደን ሲቃጠል ጭሱ እስከ ኮልፋክስ ጎዳና ይወርዳል። ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። ነገር ግን «ክረምቱ ከበደኝ» ብለሽ ብቻ ስታልፊ፣ እሱ ዝናቡን ይሰማል፣ አንቺ አካፋውን ይዘሻል፣ ግጥሙም በመካከላችሁ ይወድቃል። ከቃሉ አጠገብ አንድ የሚጨበጥ ነገር አኑሪ፤ አካፋውን አኑሪው። ያን ጊዜ አባትሽ የራሱ ዝናብ ሳይጠፋበት ያንቺን በረዶ ያያል። በእኔ እምነት በውጭ አገር የሚጻፍ የአማርኛ ግጥም ትልቁ ሀብቱ ይኸው ነው፤ አንድ ቃል ሁለት ወቅት ይዞ መገኘቱ።

3. ወርቅን ከግል ምስጢር ለዪ። የሐበሻ ጆሮ ሰምና ወርቅ ለምዷል ብለሽ ትዝታሽን በአንድ ቃል ሸፍነሽ ታልፊያለሽ፤ ይፈታዋል ብለሽ። አይፈታውም። የቅኔ ኅብረ ቃል የሚፈታው ሁለቱም ፍቺ በሕዝቡ አፍ ውስጥ ስላለ ነው፤ ሰሚው አጥብቆም አላልቶም፣ ሰብሮም ገጥሞም ወርቁ ላይ ይደርሳል። «ሻንጣ» ላንቺ አያትሽ የመጡበት ቀን መሆኑን ግን ካልነገርሽው ማን ያውቃል? በርበሬና ሽሮ የታጨቀበት፣ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ነበር ብትዪ፣ አንባቢው ሁሉ የራሱን አያት ይቀበላል።

4. ቃልሽ ሌላው ሰው ውስጥ ምን እንደሚነካ አስቢ። «አክሱም»ን ውሰጂ። ዴንቨርና አክሱም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1995 ጀምሮ እህትማማች ከተሞች ናቸው፤ እዚሁ ፓርክ ሂል ውስጥም በአክሱም ስም የተሰየመ መናፈሻ አለ። ላንቺ አክሱም ማለት በሕፃንነትሽ የሮጥሽበት ሣር ነው። እውነትሽ ነው፤ ጻፊው። አጠገብሽ ተቀምጣ የምትሰማሽ ልጅ ግን በኅዳር 2013 ዓ.ም. አክሱም ውስጥ የተገደለ ዘመድ ሊኖራት ይችላል። ያንቺ ትዝታ የእሷን አይሽርም፤ የእሷም ያንቺን አይሽርም። ስለ ሣሩ ስትጽፊ ግን እሷም እንደምታነብሽ እያወቅሽ ይሁን።

5. ቤት ለመምታት ብለሽ ቃል አትበደሪ። «ናፍቆት» ቤት ስለገጠመልሽ ብቻ በአንድ ግጥም ሦስት ጊዜ ገብቷል። ሰርዢው። ተሰርዞ የሚጎድለው ቤቱ ብቻ ከሆነ፣ ይጉደል።

6. ሳትጠይቂ አትግጠሚ። አገር ቤት ጎበዝ ሙሾ አውራጅ ለቅሶ ቤት ገብታ ዝም ብላ አትጀምርም። ሟቹ በፈረሱ ስም ማን ይባል ነበር፣ እንግዳ ሲመጣበት ምን ይል ነበር፣ ማንን ትቶ ሞተ ብላ ታጣራለች። ከዚያ በኋላ ጋቢ ብትል የዚያ ሰው ጋቢ ነው፣ በትር ብትል የዚያ ሰው በትር ነው፤ ለቀስተኛውን የሚያስነባው ይህ ነው። አንቺም እናትሽን ስለ «ስልክ» ጠይቂያት። በባህላችን መርዶ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሲነጋጋ ይነገራል እንጂ ሰው ብቻውን ሳለ አይነገረውም። አዲስ አበባ ቀትር ሲሆን ግን ዴንቨር እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው፤ እዚያ በቀን የሆነው እዚህ በሌሊት ይደውላል። ስለዚህ እኛ ስልክ በሌሊት ሲጮኽ፣ ከማንሣታችን በፊት አገር ቤት ያሉትን አንድ በአንድ በልባችን እንጠራለን። የልጅ መወለድም፣ የሠርግ እልልታም የመጣልን በዚያው ስልክ ነው። አንቺ በጻፍሽው ግጥም ውስጥ ስልክ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነው። ያም ያንቺ ኑሮ ነውና አልነቅፈውም። ቢሆንም የእናትሽን ስልክ እስክትሰሚ ድረስ የግጥሙ ግማሽ ገና አልተጻፈም።

7. ሩቅ ነኝ ብለሽ አትፍሪ። ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሐረር ተወልዶ በ1973 ዓ.ም. ያረፈው ኦክላሆማ ውስጥ፣ ሎተን በምትባል ከተማ ነው፤ ኦክላሆማ ደግሞ ከእኛዋ ኮሎራዶ ጋር ትዋሰናለች። «ሀገሬ» የሚለውን ግጥሙን ዛሬም በየአገሩ የተበተነ ሐበሻ የሚወደው፣ ፀሐይን በመሰሉ ሕፃን በሚያውቃቸው ቃላት ስለጻፈው ነው ብዬ አምናለሁ። ቀላል ቃል ሩቅ መንገድ ይችላል።

አሁን የስልኩን ግጥም እንደገና ጻፊው። በዚህ እሑድ እናትሽ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀመጪና ጠይቂያት፤ የነገረችሽን ሳታሳምሪ ጻፊና አምጪልኝ። ናፍቆት የሚል ቃል እንዳይኖርበት አደራ።